«ቁርጡን ብሰማ ይሻለኛል»፦ የምርመራ ውጤት ሲዘገይ

ጥያቄ፦ «በአንገቴ ጎን ንፍፊት አብጦ ለሳምንታት አልጠፋ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ በአሥር ቀን ይደርሳል ተብዬ ነበር። በቀኑ ስደውል ግን ተጨማሪ ምርመራ ስለሚያስፈልግ ሁለት ሳምንት ጠብቂ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊቱን ስልኬ ላይ ስለ ካንሰር ሳነብ አድራለሁ። እብጠቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደምነካው አላውቅም። ባለቤቴ ‹አታስቢ› ይለኛል፤ እንደዚያ ሲለኝ ይብስብኛል። ልጆቼ የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል፣ እኔ ግን ምንም አልነገርኳቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ካንሰር ነው ብለው ቁርጡን ቢነግሩኝ የሚሻለኝ ይመስለኛል። ይሄ ጤነኛ ሐሳብ ነው? ይህን ጊዜስ እንዴት ልለፈው? ውጤቱን ለመስማት ብቻዬን ልሂድ ወይስ ባለቤቴ አብሮኝ ይሂድ?»

ምላሽ፦

አዎ፣ ጤነኛ ሐሳብ ነው። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሥራዬም ከሕመም ጋር የሚመጣ ጭንቀትን ማከም ነው። ውጤት የሚጠብቁ ሰዎች ይህንኑ ደጋግመው ይነግሩኛል። ብዙዎቹ እያፈሩ ነው የሚናገሩት፤ በሽታውን የተመኙት ይመስላቸዋል። እነሱ ግን የፈለጉት ከዚህ መንጠልጠል መገላገልን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ከድንጋይ ሥር እባብ አለ ወይስ የለም ብለው ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸውን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኛቸዋል። ንዝረቱ እንደማይቀር እርግጠኛ የሆኑበት ጊዜ በጣም የተጨነቁበት ይመስላል አይደል? አልነበረም። ከሁሉ በላይ የተጨነቁት ዕድሉ ሃምሳ በሃምሳ ሲሆን ነው። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ሳይቀር ይህንኑ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጡታቸው ናሙና የተወሰደላቸውን ሴቶች ተከታትሎ ነበር። በምራቃቸው ውስጥ ኮርቲሶል ተለካ። ኮርቲሶል ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ናሙናው ከተወሰደ ከአምስት ቀን በኋላ ውጤታቸው ገና ያልታወቀ ሴቶች የኮርቲሶል ሁኔታ ካንሰር እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሴቶች ጋር ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ የሚሰማዎት ድካም፣ የልብ ድለቃ፣ የሆድ መረበሽ የደካማነት ምልክት አይደለም። ሰውነትዎ ያልታወቀውን ነገር እንደ ታወቀ አደጋ ቆጥሮታል።

ቁርጡን ማወቅ ይሻላል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ ከሁሉ የሚቀርበው በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ነው። ሀንቲንግተን የሚባል በዘር የሚወረስ፣ መዳኛ ያልተገኘለት የአንጎል ሕመም አለ። ከወላጆቹ አንዱ ሕመሙ ያለበት ሰው የመውረስ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው። ተመርምረው ውጤታቸውን የሰሙት ሰዎች ከዓመት በኋላ ሲታዩ፣ መጥፎ ዜና የተነገራቸው እንኳ ሳያውቁ ከቀሩት የተሻለ የመንፈስ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ሰው ክፉ ዜና ከሰማ በኋላ ያለቅሳል፣ ቀስ ብሎ ይለምደዋል፣ ያቅዳል። ሳያውቅ ግን ምኑን ይለምዳል?

ሌሊት ስልክዎን የሚያነሱት፣ እብጠቱን የሚነኩት ለዚህ ነው። ቁርጡን ከቀኑ በፊት ለማግኘት እየሞከሩ ነው። መልሱ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ግን የቱንም ያህል ቢያነቡ አይጠግቡም። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት «እንዴት አልጨነቅ?» የሚለውን ትተው «ፍለጋውን እንዴት ላቁም?» የሚለውን ቢይዙ ነው የምመክረው። መጨነቅዎ ጨርሶ አይጠፋም፤ ፍለጋው ሲቆም ግን መቀጣጠሉን ይተዋል።

በመጀመሪያ በጣም ያስደነገጠዎትን ቃል እንመልከት። «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ሲባል ብዙ ሰው «አግኝተውብኛል፣ ለመንገር ፈርተው ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ናሙናው ምን እንደሚደረግ ልንገርዎት። በቅድሚያ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በውስጡ ያለው ውሃ በአልኮል ይወጣለትና በቀለጠ ፓራፊን ሰም ተሞልቶ ይጠነክራል። ከጠነከረ በኋላ በልዩ ስለት በስሱ ይቆረጣል፤ የአንዱ ቁራጭ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው፤ ማይክሮሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ቁራጩ መስታወት ላይ ተዘርግቶ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ይቀባል። ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምንም እንቅፋት ባይገጥመው እንኳ ቀናት ይወስዳል።

ንፍፊት ሲሆን ደግሞ ከሌላው ይከብዳል። ንፍፊት የሰውነት መከላከያ ሴሎች የሚራቡበት ቦታ ነው። ኢንፌክሽን ሲኖርም ይራባሉ፣ የደም ሴል ካንሰር ሲኖርም ይራባሉ፤ በመጀመሪያው ቀለም ብቻ ሁለቱን መለየት አንዳንዴ አይቻልም። ስለዚህ የሴሎቹን ዓይነት የሚለዩ ሌሎች ማቅለሚያዎች ይታዘዛሉ። ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው ይህ ነው፤ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ንፍፊትንም ስለሚያጠቃ፣ እሱ ከተጠረጠረ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል። ባክቴሪያው በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ይህ ብቻውን እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ፓቶሎጂስቱ ለሌላ ባልደረባው አሳይቶ ሐሳብ የሚጠይቅበትም ጊዜ አለ፤ የጥሩ ባለሙያ ልማድ ነው። ይህን ሁሉ የምነግርዎት ውጤቱ ደህና ነው ለማለት አይደለም። ተጨማሪ ምርመራ የሚደረገው አንድን በሽታ ለማረጋገጥም፣ የለም ለማለትም ነው። ከመዘግየቱ ተነስቶ ወደ የትኛውም ወገን መገመት አይቻልም።

ማወቅ የሚቻለውን ነገር ግን የማወቅ መብት አለዎት። ነገ ደውለው ይጠይቁ። የታዘዘው ምርመራ ምን ይባላል? ለምን አስፈለገ? በየትኛው ቀን ይደርሳል? እነሱ ናቸው የሚደውሉት ወይስ እኔ? መልሱን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ የነገረዎትን ሰው ስምም ጭምር። የተባለው ቀን ካለፈ ዝም ብለው አይጠብቁ፣ ራስዎ ይደውሉ። «ካልደወሉ ደህና ነው ማለት ነው» የሚለውን አባባል አይመኑ፤ ውጤት በስህተት ሌላ ፋይል ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ከቀኑ በፊት በየማለዳው መደወሉ ግን ሌላው የፍለጋው መልክ ነው።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። መተንፈስ ቢያስቸግርዎት፣ ምግብ ወይም ውሃ አልወርድ ቢልዎት፣ እብጠቱ በቀናት ውስጥ በፍጥነት ቢያድግ፣ ከባድ ትኩሳት ቢይዝዎት፣ ናሙና የተወሰደበት ቦታ ቀልቶ ቢግል ወይም መግል ቢይዝ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጭንቀት ጊዜ ጉሮሮ ላይ የሆነ ነገር የተሰነቀረ ይመስላል። በጣም የተለመደ ነው፤ አንገቱ ያበጠ ሰው ደግሞ ሲሰማው በጣም ይደነግጣል። እንዲህ ባለው ስሜት ምግብና መጠጥ በደህና ይወርዳሉ። የማይወርዱ ከሆነ ግን ጭንቀት ነው ብለው ቤት አይቀመጡ።

እብጠቱን የመንካቱን ነገር እናንሳ። የሚያሳክክ ቁስል እንደማከክ ነው፤ ለአፍታ ያሳርፋል፣ ኋላ ያባብሳል። ንፍፊት ደጋግመው ሲጫኑት ያማል፣ ዙሪያውም ይቆጣል። ከዚያ «ትናንት አያመኝም ነበር» ብለው ይደነግጣሉ። ጣት ደግሞ መለኪያ አይሆንም፤ ጠዋት ትንሽ የመሰለው ማታ ትልቅ ይመስላል። በአንዴ ማቆም ካልቻሉ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሲታጠቡ ብቻ ይበሉት። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱንም ያራርቁት። እጅዎ ሳያስቡት ወደ አንገትዎ ሲሄድ ካገኙት ራስዎን አይቆጡ፤ ሌላ ነገር ያስይዙት።

ስልኩ ከዚህም ይከፋል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ስለ ቀላል ምልክት መፈለግ ይጀምርና ሳያውቀው ከባድና ብርቅ በሽታዎች ላይ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ራስ ምታት ብሎ የጀመረ የአንጎል ዕጢ ላይ ያበቃል። አይገርምም። ንፍፊቱ አብጦ በራሱ የጠፋለት ሰው ታሪኩን ለመጻፍ አይቀመጥም። ሌሊት የሚያነቡት «አምስት ዓመት የመኖር ዕድል» የሚለው ቁጥር ደግሞ ላልተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የበሽታ ስም ገና የለዎትም። ስም ቢኖር እንኳ ቁጥሩ እንደ ዓይነቱ፣ እንደ ደረጃውና እንደ ዕድሜው በእጅጉ ይለያያል። የአምስት ዓመት ቁጥር የሚሰላውም ከዓመታት በፊት በታመሙና በዚያን ጊዜ ሕክምና በታከሙ ሰዎች ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ስለ ራሱ ምንም አይማርም። ስልኩን ማታ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ያሳድሩት። ጥያቄ ሲመጣብዎት ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የሚመልስልዎት ሐኪምዎ ነው።

የቀረው ሐሳቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ አንድ ዘዴ ፈትነው ነበር። እኔም ለብዙ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ሲነገር የማይረባ ይመስላል፣ ሲሠሩት ግን ይረዳል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጨነቁ። አልጋ ላይ አይሁን፣ ለመኝታም የቀረበ አይሁን። በሌላ ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣ በአጭሩ ጽፈው «ለአሥራ አንድ ሰዓት» ብለው ያቆዩት። ሰዓቱ ሲደርስ ቁጭ ብለው ሁሉንም ያውጡት። አንዳንዱ የሚሠራ ነገር አለው፤ «ሕክምና ብጀምር ልጆቹን ማን ያመላልሳል?» የሚለው ስልክ ደውለው ሊነጋገሩበት ይችላሉ። «ብሞትስ?» የሚለው ግን ዛሬ የሚሠራ ነገር የለውም። ጽፈውት፣ አልቅሰውበት፣ ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ይነሱ። ጸሎት የሚጸልዩ ከሆነም ለዚህ ሰዓት መዝጊያ ያድርጉት።

ሌሊት ሲነቁ ከአልጋ ጋር አይታገሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ተነስተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቁጭ ይበሉ። ትንፋሽዎን ሲያስገቡ ከፈጀው ጊዜ ይልቅ ሲያወጡ ያርዝሙት። እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። የቱንም ያህል ቢያድሩ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ይነሱ፤ የሚቀጥለው ሌሊት የሚስተካከለው በዚህ ነው። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ተውሰው አይዋጡ፤ መጠጥም እንቅልፍ ያመጣ ይመስልና ከሌሊቱ እኩሌታ ላይ ይቀሰቅሳል።

ቀኑን ደግሞ በሥራ ይሙሉት፤ ማንኛውም ሥራ ግን አይደለም። በሪቨርሳይድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ኬት ስዊኒ ያጠኑት መጠበቅን ራሱን ነው። የጥብቅና ፈተና ወስደው ለወራት ውጤት የሚጠብቁ ሰዎችን ተከታትለዋል። ጭንቀቱ መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ ረገብ ይላል፣ ቀኑ ሲቃረብ እንደገና ያሻቅባል። ጊዜው የቀለለላቸው ሰዎች ልባቸውን የሚወስድ ነገር የሚሠሩት ናቸው፤ ትንሽ የሚከብድ፣ ግብ ያለው፣ ወደፊት መሄዱ የሚታይ። ቴሌቪዥን ከፍቶ መቀመጥ ብዙ አይረዳም፣ ሐሳብ በመሃል ይገባል። መስፋት፣ የቤት ዕቃ መጠገን፣ አዲስ ነገር መማር፣ ከልጅ ጋር አስቸጋሪ ጨዋታ መጫወት ግን ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የሚያጽናና ነገር አለው። ጊዜውን በጭንቀት ያሳለፉት ሰዎች መጥፎ ውጤት ሲመጣ ከተረጋጉት የተሻለ ተቋቁመውታል፤ ጥሩ ውጤት ሲመጣም የበለጠ ተደስተዋል። ስለዚህ ይህን ሁሉ ሞክረው ጭንቀቱ ባይለቅዎት፣ በትክክል አልጠበቅሁም ብለው ሌላ ሸክም አይጨምሩ።

ባለቤትዎ ክፉ አስበው አይደለም «አታስቢ» የሚሉት። እሳቸውም ፈርተዋል ብዬ እገምታለሁ። ግን ትእዛዙ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዳንኤል ዌግነር ሙከራ ላይ ሰዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ታዘዙ፤ ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣ አለ። የሚፈልጉትን በግልጽ ይንገሯቸው። «መፍትሔ እንድትሰጠኝ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ አድምጠኝ፣ ከዚያ ሌላ ነገር እናውራ» ማለት ይበቃል። እርስዎም በየሰዓቱ «ደህና ይሆናል ብለህ ታስባለህ?» ብለው አይጠይቋቸው። ያ ጥያቄም ፍለጋው ነው፤ እሳቸውም መልሱ የላቸውም።

ልጆችን በተመለከተ ዝምታን አልመክርም። ትንንሽ ልጆች እናታቸው ስታዝን ሲያዩ ብዙ ጊዜ በእነሱ ጥፋት የሆነ ይመስላቸዋል። አጭርና እውነተኛ ነገር ይንገሯቸው። «አንገቴ ላይ እብጠት አለ። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ እያዩ ነው፣ ገና አላወቁትም። ሲያውቁ እነግራችኋለሁ። እናንተ ያመጣችሁት ነገር አይደለም፣ ወደ ትምህርት ቤታችሁም እንደ ወትሮው ትሄዳላችሁ።» «ምንም አይደለም» ብለው ቃል አይግቡ። «ትሞቻለሽ?» ብለው ቢጠይቁ አይደንግጡ፤ «ማንም እንደዚያ አላለኝም፤ አዲስ ነገር ካለ ከእኔ ነው የምትሰሙት» ይበሏቸው። ይህን የሰማ ልጅ በር ሥር ቆሞ ማድመጡን ይተዋል።

ለክፉው መዘጋጀትስ? ጊዜ አለው። በመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ቀናት «መጥፎ ቢሆን ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ማሰብ ድንጋጤውን ያለዝበዋል። ዛሬ መጀመር ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሕመሙን አስቀድሞ መታመም ነው። ሥራ መልቀቅን፣ ንብረት መሸጥን የመሰለ ትልቅ ውሳኔም እስከዚያ አይወስኑ።

ብዙ ሰው ለሁለት ዓይነት መልስ ብቻ ይዘጋጃል፣ ደህና ወይም ካንሰር። ሦስተኛ መልስ አለ፦ «ናሙናው አልበቃም፣ እንድገመው» ወይም «አሁን መወሰን አይቻልም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንየው»። ይህ ቸልተኝነት አይደለም። ጊዜ ራሱ የምርመራው አካል የሆነባቸው ሕመሞች አሉ። አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚጎዳውን መልቲፕል ስክለሮሲስን ሐኪሞች የሚያውቁት ጉዳቱ በተለያየ ቦታና ብዙውን ጊዜም በተለያየ ወቅት መድረሱን አይተው ነው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሉፐስም ምልክቶቹ ቀስ በቀስ እየተጠራቀሙ እስኪታወቅ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ «ምን እየተጠበቀ ነው? ምን ካየሁ ቶሎ ልምጣ? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ምግብ ጨርሶ እምቢ ካለዎት፣ ሌሊቶቹ ያለ እንቅልፍ ከተደራረቡ፣ ወይም ድንገተኛ ድንጋጤ እየደጋገመ ከያዘዎት ውጤቱን ሳይጠብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ጭንቀቱ ለብቻው ይታከማል። «ከምጠብቅ ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት ለባለቤትዎ ይንገሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ብቻዎን አይሁኑ።

ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። ከባድ ዜና የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የተባለውን አብዛኛውን አያስታውስም። ሥራ ይስጧቸው፤ ሐኪሙ የሚለውን ይጻፉ። ከፈቀደ በስልክ ይቅረጹ። ይደውሉልኛል ብለው ጠብቀው መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ ከመስማት፣ በአካል ለመስማት አስቀድመው ይጠይቁ። ከክፍሉ ሳይወጡ የሕመሙ ስም በጽሑፍ ይያዝልዎት፣ ቀጣዩ እርምጃና ቀኑም እንዲሁ። ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ የፓቶሎጂ ሪፖርቱን ግልባጭ ይቀበሉ። በሰም የጠነከረው ናሙናና መስታወቱ ላቦራቶሪው ዘንድ ለዓመታት ስለሚቀመጡ፣ ሁለተኛ ሐሳብ ከፈለጉ እንደገና ሳይቆረጡ ሌላ ፓቶሎጂስት ሊያያቸው ይችላል።